አንድ ሪሞት ለሁለት ቤት

ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ስንት ነገር እንደሚታዘዝለት ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ቆጥሬያለሁ። ሚስት አትታዘዝም፤ እንኳን ልትታዘዝ አዛዥ ናት። ልጆች ትንንሽ እያሉ ይታዘዙ ነበር፣ ስልክ ከያዙ ወዲህ ግን ስጠራቸው ቀና የሚሉት ቻርጅ ሲያልቅባቸው ብቻ ነው። ዶሮዎቹ "እሽ" ስላቸው ይሄዳሉ፣ ግን እኔ ወዳልኳቸው አይደለም። ውሻው ቃሌን በጥሞና ይሰማል፣ ጭራውን ይቆላል፣ ከዚያ ሄዶ ይተኛል። ደምሬ ደምሬ የደረስኩበት ቁጥር ዜሮ ነው።

ይሄ ነገር ለኔ ከበድ ይላል። ምክንያቱም ሃያ ምናምን ዓመት ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ሙዝ እየጫንኩ አይሱዙ የነዳሁ ሰው ነኝ። መኪና ዙር ስትለው ይዞራል፣ ቁም ስትለው ደግሞ… ብዙ ጊዜ ይቆማል። ሹፍርናውን ትቼ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ ነው የሚያዘኝ እንጂ የማዘው እንደሌለኝ የገባኝ። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ "ቤትህ እንዲታዘዝልህ ላድርግልህ?" ቢለኝ ምን እንደምል እናንተው ገምቱ።

እንዲህ ያለችኝ የእህቴ ልጅ ምህረት ናት። ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ነው የምትኖረው፣ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ታስተምራለች። እኔም ብሆን ስድስተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ በዕውቀት ብዙም አንራራቅም። አብሯት ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ካርቶን ሙሉ ዕቃ ትቶላት ሄዷል። አንድ ቅዳሜ ካርቶኑን ባጃጅ ላይ ጭና መጣች። ውስጡ ነጫጭ ሳጥኖች ናቸው፣ የሳሙና መያዣ የሚያህሉ። በአንድ ወገን ግድግዳ ላይ ይሰካሉ፣ በሌላ ወገን ዕቃህን ትሰካባቸዋለህ። አንድ ሪሞትና አንድ ያረጀ ላፕቶፕም አለ።

"አጎቴ፣ አዲስ ሽቦ አንዘረጋም" አለችኝ። "መብራቱ በሚሄድበት ሽቦ ላይ ትእዛዙም አብሮ ይሄዳል።"

"እና አይጋጩም?"

"የካምባ ሚኒባስ ላይ ሰውና ዶሮ አብሮ ይሄድ የለ? እንደሱ ነው።"

ይሄኔ ገባኝ። አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው። ሪሞቱ በአየር፣ ልክ እንደ ሬዲዮ፣ ለአንዱ ሳጥን ይነግረዋል። ሳጥኑ የሰማውን ሽቦው ላይ ይለቀዋል። ከዚያ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሳጥኖች ሁሉ ይሰማሉ፣ የሚታዘዘው ግን ስሙ የተጠራው ነው። ስም አላቸው ስላችሁ ደግሞ አበበ ከበደ አይደለም፤ የቤቱ ስም አንድ ፊደል ነው፣ የዕቃው ስም ቁጥር። ቤታችን "ኤ" ተባለች። የሳሎን አምፖል ኤ አንድ፣ ቬንቲሌተሩ ኤ ሁለት፣ ውኃ ወደ ታንከር የሚገፋው ፓምፕ ኤ ሦስት። ላፕቶፑ ላይ የጫነችው ፕሮግራም ደግሞ ሰዓት ይጠብቃል፦ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ፓምፑን ይከፍታል፣ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እኔ ተኝቼ ነው ይሄ ሁሉ።

ሁለት ሳጥን ተረፈ። "እነዚህ የቬንቲሌተሩና የፓምፑ መለዋወጫ ናቸው፣ ቁጥራቸውን አስተካክዬልሃለሁ፣ አስቀምጣቸው" አለችኝ። እኔ በዚያን ሰዓት ሪሞት ይዤ አምፖል አብራ ጥፋ ስለምል አንዱንም አልሰማሁ።

እንዴት ያለ ዘመን ነበር መሰላችሁ። ባለቤቴን አስቴርን እጠራታለሁ፣ "አስቱ፣ እስቲ መብራቱን አብሪልኝ።" "እጅ የለህም?" ትለኛለች። ሶፋው ላይ እንደተጋደምኩ ጣቴን አነሳለሁ፣ ጫን፣ በራ። እሷ እያየችኝ፣ ጫን፣ ጠፋ። ሦስት ቀን ሙሉ ይቺን ጨዋታ ስደግም አራተኛው ቀን ላይ "አሁን ደግሞ ሪሞቱ እራትህን ያቅርብልህ" አለችና ጎረቤት ሄደች። ሪሞቱን ሳልይዝ ከወጣሁ ትደብቀዋለች፤ ስለዚህ ከኪሴ አላወጣው አልኩ። ይቺን ኪስ ልብ በሉልኝ።

ጎረቤት ስላችሁ ጋሽ ዘውዱን ማለቴ ነው። ከጎጃም መሬት ሊለካ መጥቶ፣ ለክቶ ለክቶ ሲጨርስ እዚሁ ቀረ። አሁን ጡረተኛ ነው። በየቀኑ ከሰዓት እሱ በረንዳ ላይ በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን፣ እሱ ያሸንፋል፣ እኔ አበሽቀዋለሁ። ባለቤቱ እትዬ በላይነሽ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ልጁ ሰላም አዲስ አበባ ናት፤ በየሳምንቱ ትደውላለች፣ "አባዬ፣ ብቻህን ምን ታደርጋለህ? እኔ ጋ ና።" እሱ ደግሞ "በላይነሽ የኖረችበትን ቤት ለማን ትቼ?" ይላታል። እኔ ዳማውን እያየሁ ያልሰማሁ እመስላለሁ። እሱ ከሄደ ማንን አበሽቃለሁ? የሚናደድልኝ ሰው በዚህ ዕድሜዬ ከየት አመጣለሁ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እኮ ዝም ብሎ አይደለም፤ ዘመድ ብታበሽቀው ያኮርፋል፣ ጎረቤት ግን በነጋታው ይመጣል።

ደግሞ በሽቦም ተሳስረናል። የሱ ቆጣሪ ተቃጥሎ አዲስ እስኪመጣለት ድረስ ከኔ ቆጣሪ በአጥር ላይ ሽቦ ሳብኩለት። ለጊዜው ነው ተባብለን። ይኸው ስምንት ዓመት። እኛ ጋ እንደ "ለጊዜው" የሚጸና ነገር የለም።

እንግዲህ ፋሲካ ሲደርስ ለዚህ ሰው ምን ልውሰድለት ብዬ ዞር ዞር ስል ሁለቱን ሳጥኖች ቁምሳጥን ላይ አየኋቸው። መብራት መጥቶ ሲሄድ ዕቃ እንዳያቃጥል የምንሰካውን ስታብላይዘር ቁጭ ነው የሚመስሉት። ምህረት ተባረኪ አልኩ በልቤ፣ በጋዜጣ ጠቀለልኳቸውና ሄድኩ።

"ይኸውልህ፣ የፈረንጅ ስታብላይዘር። አንተ መቼም አታውቀውም።"

"ያንተን ስጦታ ስሰካ ቤቱ ባይቃጠል" አለኝ፣ ግን ደስ ብሎታል። አንዱን በረንዳ ላይ ላለው ቬንቲሌተር አደረገው። ሁለተኛውን ይዞ ትንሽ ቆመና ወደ ሳሎን ገባ። እዚያ መደርደሪያ ላይ የእትዬ በላይነሽ ሬዲዮ አለች፣ በራሷ እጅ የሠራችውን ዳንቴል ለብሳ። ከሞተች ወዲህ ማንም ቁልፏን አልነካም፣ ከሶኬትም ተነቅላ ነው የኖረችው። "ለሷም ጥበቃ ይሁናት" ብሎ ሰካት። ድምፅ አላሰማችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተ ከኔ ቀድማችሁ ጠርጥራችኋል። እናንተ ብልጦች ናችሁ፣ እኔ ግን ስድስተኛ ክፍል ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ዘውዱ ዳማውን ሲደረድር ቀና ብሎ አየኝና "ቶማ፣ አንተ ስትመጣ ቬንቲሌተሬ ይቆማል" አለኝ።

"ወዜን አይቶ አፍሮ ነው።"

"አልቀልድም። ከቤትህ ልትወጣ ስትል ይቆማል፣ ስትመለስ ይነሳል።"

"ታዲያ ቡዳ ነህ በለኛ፣ ምን አስፈራህ?" ብዬ ሳቅኩ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። ነገሩ እውነት ነው እኮ። እኔ ስወጣ የራሴን አጥፍቼ ነው የምወጣው፣ ስገባ ማብራቴ ነው። እዚያ ወዲያ የሱ አብሮ እንደሚጠፋ በየት በኩል ልወቅ? የአርባ ምንጭን ሙቀት ለምታውቁ፣ ከሰዓት ላይ ቬንቲሌተር ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ላላወቃችሁም አልነግራችሁም፣ ኑና ቅመሱት።

ሰውዬው ጠበል አምጥቶ ቬንቲሌተሩን ረጨው። ቬንቲሌተሩ ጠበሉን መልሶ እሱኑ ረጨው። ቀስ በቀስ ዳማውም ቀረ፣ ወሬውም ቀረ። ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ሰላም ስትደውል እንደ ድሮው አይቆጣትም፣ "እስቲ አስብበታለሁ" ይላታል አሉ። ይቺ "አስብበታለሁ" እንቅልፍ ነሳችኝ።

አስቴር "እንጸልይለት" አለች። የጸሎት ቡድን ውስጥ ናት። እሱ የኦርቶዶክስ ሰው ነው፣ ይቆጣል ብዬ ነበር፣ ግን "ጸሎት ጸሎት ነው፣ ብቻ ጆሮዬ ላይ አትጩሁ" ብሎ ፈቀደ። አምስት ሴቶችና አንድ ወንጌላዊ ገቡ። ጆሮውን በተመለከተ የገቡትን ቃል ለሦስት ደቂቃ ያህል ጠብቀዋል።

እኔም ከጎናቸው ተንበረከኩ። ስንበረከክ ቦርጬ ኪሴን ተጫነው። ቬንቲሌተሩ ቆመ።

"ወጣ" አለ ወንጌላዊው።

ጉልበቴን አሞኝ ተቃናሁ። ቬንቲሌተሩ መዞር ጀመረ።

"ተመለሰ" አለች አንዷ፣ ድምፅዋ ተሰበረ። ጸሎቱ ጨመረ። እኔም ለአገር ብዬ እንደገና ጎንበስ አልኩ፣ ቆመ። ሰዎቹ እንባ በእንባ ሆኑ። ሲቆም "ሃሌሉያ"፣ ሲነሳ "በስሙ"። ያኔ ነው አንድ ሐሳብ በጎድን አጥንቴ በኩል እንደ ጉንዳን የወጣው። ቀስ ብዬ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሁለት ቁጥርን በዚህ ጫፉ ጫንኩት፣ ቆመ። በዚያ ጫፉ ጫንኩት፣ ተነሳ። መልሼ ጫንኩት፣ ቆመ።

"ወገኖቼ፣ እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። "አሜን" አልኩ።

በነጋታው ምህረት ዘንድ ሴቻ ወጣሁ። ስነግራት ወንበሯ ላይ ተጣጥፋ ሳቀች፣ ዓይኗን ጠርጋ ደግማ ሳቀች።

"መለዋወጫ ነው ብዬህ አልነበር? የአንተን ቁጥር የያዙ ናቸው። ሽቦው ደግሞ የአንድ ቆጣሪ ነው፣ አጥር አያውቅም። ኤ ሁለት ስትል ሁለቱም ቬንቲሌተር አቤት ይላል።"

"ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ማለት ይሄ ነዋ።"

"ተረት አትተርት አጎቴ፣ ሄደህ ንገረው።"

እንዴት ብዬ ልንገረው? ወንጌላዊው እሁድ ቆሞ ሊመሰክር ነው። አስቴር ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። "ሌላ መንገድ የለም?" አልኳት። ከንፈሯን ነከሰች። "የቤትህን ፊደል መቀየር ይቻላል። ኤ ትተን ኤም እንበላት። ያንተ ሳጥኖች ኤም ይሆናሉ፣ የሱ ኤ እንዳሉ ይቀራሉ፣ የሚጠራቸው አይኖርም። የሱን በየሳጥኑ ቁልፍ አብርቶ መተው ነው።" አብራኝ ቤቴ ወረደች፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሳጥኖቼና ሪሞቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ በሳንቲም አዞረቻት፣ ላፕቶፑ ላይም ጻፈችው። እኔም ጋሽ ዘውዱ ጋ ሰላም ልበል ብዬ ገባሁና የበረንዳውን ሳጥን በአውራ ጣቴ ከፍቼ ወጣሁ። ስለ ሬዲዮኗ ማን አስታወሰ? አገር ሰላም ሆነ። ቬንቲሌተሩ እንደ አዲስ ሙሽራ ሲሽከረከር ዋለ። ጸሎቱ ሠራ ተባለ። እኔም ትንሽ ትንሽ ማመን ጀምሬ ነበር።

ዳማው ግን በአራተኛው ቀንም አልተመለሰም። በአምስተኛውም የለም። ሄድኩ። ጋሽ ዘውዱ አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍቶ ሸሚዝ ያጣጥፋል።

"የት ነው?"

"ቅዳሜ ሰላም ትመጣለች። ልትወስደኝ ነው።"

"አሁን እኮ ደህና ሆነ፣ ቬንቲሌተሩ…"

"ቬንቲሌተሩን ተወው" አለኝ። ሸሚዙን አስቀመጠና ጫፉን አስተካከለ። "ለማንም አልነገርኩም። ጠዋት ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ የበላይነሽ ሬዲዮ ትከፈት ነበር። ማንም ሳይነካት። ልክ እሷ በምትከፍትበት ሰዓት። አንድ ሰዓት ትናገርና ትዘጋለች። መጀመሪያ ፈራሁ፣ በኋላ ቀድሜ ተነስቼ መጠበቅ ጀመርኩ። ወንበር ስቤ አጠገቧ እቀመጣለሁ።" ሌላ ሸሚዝ አነሳ። "ከጸሎቱ በኋላ ዝም አለች። የቬንቲሌተሩን ልታስወጡ መጥታችሁ በላይነሽን አባረራችሁብኝ። አሁን እዚህ ምን አለኝ?"

አሥራ ሁለት ሰዓት። ኤ ሦስት። ፓምፔ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አፌ ከኔ ቀድሞ የሚሮጥ ሰው፣ ያን ቀን ምላሴን በእጄ ጎትቼ ነው ያናገርኩት። ስለ ሳጥኖቹ፣ ስለ ፊደሉ፣ ስለ ኪሴ፣ ስለ "አሜን" ጭምር ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ወደ መደርደሪያው ሄደ፣ የሬዲዮኗን ሳጥን ከሶኬት ነቀለ፣ ገልብጦ አየው። ከዚያ በሩን አሳየኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

እኛ ጋሞዎች ጎሜ የምንለው ነገር አለ። ሰውን በድለህ ደብቀህ ከተቀመጥክ ጎሜው ይይዝሃል፤ በሽማግሌ ፊት፣ ሳር ይዘህ፣ ጥፋትህን በአፍህ ካላወጣህ አይለቅህም። ወንጌላዊው ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፣ እኔ ግን ሐሙስ ዕለት የገረሴውን ሽማግሌ ጋሽ ሶርሳን ለመንኩት። ዓርብ ከሰዓት ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ ጋሽ ዘውዱ ግቢ ማንጎው ሥር ተቀመጠ። ጋሽ ዘውዱም ወጣ፤ ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ ቤቱን የሚዘጋ ጨዋ የለም። እኔ ርጥብ ሳር ይዤ ቆሜ ተናዘዝኩ። ምህረትም መጥታለች።

ጋሽ ሶርሳ አገጩን አሸ። "ሽቦው የማን ነው?"

"የኔ።"

"መብራቱ?"

"ከኔ ቆጣሪ ነው።"

"ሳጥኑስ?"

"የኔ ነበር፣ ለሱ ሰጠሁት።"

"ሬዲዮኗ?"

"የበላይነሽ ናት" አለ ጋሽ ዘውዱ።

"ታዲያ የከፈተው ማነው?"

ምህረት እጇን አወጣች፣ እንደ ተማሪ። "ላፕቶፑ ነው፣ አባባ።"

"ላፕቶፑ ይቅረብ።"

ምን ታደርገዋላችሁ። ከቤቴ አመጣችው፣ መሐል ላይ በርጩማ ተቀመጠለት። ጋሽ ሶርሳ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። "ይሄ ሰው በድሏል ወይስ ታዟል?" ሲል አንደኛው ሽማግሌ ታዟል አለ፣ ሌላው ያልታዘዘበት ቤት ገብቷል አለ። ክርክሩ ሊመሽ ሲል "ለማንኛውም ሳር ይያዝ" ተባለና ከኔ ሳር ላይ ቆርሰው ፊደሎቹ ላይ አደረጉለት። እኔና ላፕቶፕ ጎን ለጎን ይቅርታ ጠየቅን። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጓደኛ አግኝቼ አላውቅም።

ፍርዱ ወጣ፦ የሰውን ነፋስ ስለከለከልኩ፣ ሪሞቱ ለአርባ ቀን ጋሽ ዘውዱ እጅ ይሁን።

"ሪሞቱን ተውት" አለ ጋሽ ዘውዱ። አንገቱን ደፋ። "ያቺ ፊደል ትመለስ። የጠዋቱ።"

ጋሽ ሶርሳ ለስለስ ብሎ፣ "ዘውዱ፣ እሷ እንዳልሆነች አሁን አውቀሃል እኮ" አለው።

"አውቃለሁ። ዝም ባለ ቤት ውስጥ ከመንቃት ግን ይሻለኛል።"

ምህረት ተነስታ ሳሩን ከላፕቶፑ ላይ በአክብሮት አነሳችና ኤም የሚለውን አጥፍታ ኤ ጻፈች፤ ቤቴ ገብታም ሳጥኖቼን፣ ከዚያ ሪሞቱን በሳንቲም ወደ ኤ መለሰች። ከዚያ ጋሽ ዘውዱ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ ያቺ የማውቃት ክፉ ፈገግታ በጢሙ ሥር ብቅ አለች። እጁን ዘረጋ።

"ሪሞቱንም አምጣ።"

ሰላም ቅዳሜ መጣች። እሁድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመኝታ ቤት ስትወጣ አባቷ ወንበር ስቦ መልሶ የሰካትን ሬዲዮ ሲሰማ አገኘችው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ ሰኞ ግን የአባቷን ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። ውስጡ ማንጎ ነው። ወንጌላዊውም ጋ ሄጄ ተናዘዝኩ፤ ትንሽ ደንግጦ "ሰላም ወርዷል አይደል? ጸሎቱማ ሠርቷል" አለኝ። እኔ ከዚህ ሰው ጋር አልከራከርም።

አርባው ቀን ካለፈ ቆይቷል። እሱ ግን አላለፈም ይላል፤ መሬት ለኪ የነበረ ሰው ቀን ሲለካ እንዲህ ነው። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የዳማ ጊዜ ነው፣ ሪሞቱን ይጫናል፣ የኔ ቬንቲሌተር ይቆማል። ና ማለቱ ነው። ምህረት አንድ ነገር ነግራዋለች፦ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ የኔን ሲያቆም የራሱም ይቆማል። "በአንድ ደቂቃ ልለየው" ብትለው "ተይው" አላት። ስለዚህ በዚያ ሙቀት በረንዳው ላይ፣ ሁለት የቆሙ ቬንቲሌተሮች ባሉበት አገር፣ ሁለት ሽማግሌ ተፋጠን በላብ እየታጠብን ዳማ እንጫወታለን። እሱ ያሸንፋል።

ይኸው አሁንም ቆመ። ቤቴ መታዘዝ ለምዳለች፣ አዛዡ ከአጥር ወዲያ ነው እንጂ። ወረቀቱ ላይ ላቤ ሳይንጠባጠብ ልሂድ፣ ቆርኪውን ደርድሮ ይጠብቀኛል።